ቃጭሉ ባልተደወለበት እሁድ

ሰው ለውጥ አይወድም የሚሉ አሉ። እኔ ግን አይዋጥልኝም። ሰው የማይወደው እሱን ራሱን ከተቀመጠበት የሚያስነሳውን ለውጥ ብቻ ነው። ለምሳሌ ቤተ ክርስቲያናችን ከቁርባን በፊት የሚጾመውን ጾም ከእኩለ ሌሊት አውርዳ አንዲት ሰዓት ብቻ ስታደርገው፣ በመላው አስመራ «የአባቶቻችን ሥርዓት ተናደ» ብሎ ያለቀሰ አንድም ካቶሊክ አላየሁም። ያንን ለውጥ በዝምታና በትሕትና፣ ከካፑቺኖ ጋር ተቀበልነው።

ጠቡ የመጣው በቅዳሴው ላይ ነው። ድሮ አባ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ፊታቸውን ወደ መንበሩ አዙረው፣ በላቲን ይቀድሱ ነበር። እሳቸው ከእግዜር ጋር ይነጋገራሉ፣ እኛ ከኋላ መቁጠሪያችንን እንቆጥራለን፣ አንዱ በሌላው ሥራ አይገባም። ምን የመሰለ ሰላም ነበር መሰላችሁ። ከዚያ ከሮም ትእዛዝ መጣ ተባለና መንበሩ ዞረ፤ አባ ፊት ለፊት ያዩን ጀመር፤ ቅዳሴውም በትግርኛ ሆነ። ይባስ ብሎ ሕዝቡም ይመልስ ተባለ። ባለፉት ዓመታት በዚህች ከተማ ሳንጠየቅ የተለወጠብን ነገር ብዙ ነው፤ ዝርዝሩን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ ወደ ቅዳሴው ልመለስ።

ገጀረት ሰፈር ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ምእመን ለሁለት ተከፈለ። አዲሱን የወደደ ከቆሞሳችን ከአባ ሙሴ ጋር ሆነ። አሮጌው ይሻለናል ያለ ደግሞ አይተ ገብረዝጊን ተከተለ። አይተ ማለት እናንተ አቶ የምትሉት ነው። አይተ ገብረዝጊ ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ፣ ክራባት ሳያስሩ ደጅ የማይታዩ ሰው ናቸው። በላቲኑ ተሸንፈው፣ በመንበሩም ተሸንፈው፣ የቀራቸው አንድ ምሽግ ቃጭሉ ነበር። ቁርባኑ ሊባረክ ሲል የሚደወለውን ትንሹን ቃጭል ማለቴ ነው። አባ ሙሴ፣ ሰው በገዛ ቋንቋው እየሰማ ቃጭል ምን ያደርግለታል ይላሉ። አይተ ገብረዝጊ፣ ቃጭሉ ከተነሳ ሃይማኖቱ ራሱ ተነሳ ይላሉ። እኔስ? እኔ በፍጹም ልቤ የቃጭሉ ወገን ነበርኩ። ለጳጳሱ የተላከውን አቤቱታ በቢሮዬ የጽሕፈት መኪና የመታሁት እኔው ነኝ።

ለዚህ ታማኝነቴ ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛዋ የአይተ ገብረዝጊ ልጅ ለተብርሃን ናት። ሽማግሌ ስልክ እሺ የተባልኩት አባቷ «ይህስ ሥርዓት የሚወድ ልጅ ነው» ስላሉ ነው። ሁለተኛውን ምክንያት አይተ ገብረዝጊ አያውቁትም ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ አንድ ባር አለ። ስብከት ሲጀመር የደብራችን ወንዶች ግማሹ፣ ቤቱን ሳይቆልፍ እንደወጣ ትዝ ያለው ሰው መስሎ፣ ቀስ ብሎ ይነሳና መንገዱን ይሻገራል። እዚያ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ካፑቺኖ ይቀዳል። ሰይድ እስላም ነው፤ ነገር ግን የቅዳሴያችንን ሰዓት ከእሱ አስበልጦ የሚያውቅ ካቶሊክ አልነበረም። ማሽኑ እየጮኸ እንኳ ጆሮው ማዶ ነው። ቃጭሉ ሲደወል «ጋሼ፣ ተደወለ» ይላል፤ እኛም አፋችንን ጠርገን፣ ሮጠን ገብተን፣ ከተንበረከከው ጋር እንንበረከካለን። አንዲቷን የጾም ሰዓት እንዴት እንደምንቆጥራት አትጠይቁኝ፤ እሱ በእኔና በንስሐ አባቴ መካከል ይቅር።

ታዲያ የጋብቻችን ማስታወቂያ የሚነበብበት የመጀመሪያው እሁድ ደረሰ። በእኛ ዘንድ ከሰርግ በፊት ሦስት እሁድ፣ በቅዳሴው መጨረሻ፣ የተጋቢዎቹ ስም ይጠራል፤ እንቅፋት የሚያውቅ ካለ ይናገር ይባላል። ድሮ ስም መጥራት ብቻ ነበር፤ አባ ሙሴ ግን አዲስ ነገር ስለማያልቅባቸው ተጋቢዎቹ ተነስተው ለሕዝብ ይታዩ ብለዋል። እኔም ለመታየት ብዬ አዲስ ሱፍ ለበስኩ፣ ጫማዬን አስጠረግኩ፣ ስብከቱ ሲጀመር እንደ ልማዴ ተሻገርኩ። ምን ችግር አለው? ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቃጭሉ ከዚያ በፊት ነው።

አንዱን ጠጣሁ፤ ቃጭል የለም። ሰይድ ዛሬስ አባ አስረዘሙት አለ። እኔም የዚህ የአዲሱ ሥርዓት ጣጣው ይኸው ነው ብዬ፣ ሁለተኛ ካፑቺኖ አዝዤ ሥርዓቱን ስረግም ቆየሁ። ሁለተኛውን ሳጋምስ ሰይድ በመስኮት አየና «ጋሼ፣ ሰዉ እየወጣ ነው» አለኝ። ክው አልኩ። ለካ አባ ሙሴ ከዚህ እሁድ ጀምሮ ቃጭል እንደማይደወል አስታውቀው ኖሯል። መቼ? ባለፈው እሁድ፣ በስብከታቸው መካከል።

ውስጥ የሆነውን እስኪመሽ ቢያንስ ሰባት ሰው ነገረኝ፤ ሁሉም በደስታ ነው የሚነግረኝ። አባ ሙሴ ስማችንን ጠሩ። ለተብርሃን ብቻዋን ተነሳች። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን ፈለገ። አባም መጠበቁ ሲሰለቻቸው፣ ለዚህ ጋብቻ እንቅፋት የሚያውቅ ካለ ይናገር አሉ። በደብራችን ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ የኖረ ነው፤ የመለሰ ግን ታይቶ አይታወቅም። ለተብርሃን እጇን አወጣች።

«እወ፣ አንድ እንቅፋት አለ፣ አባ» አለች። «ሙሽራው የለም።»

ኋላ ምነው እንዲህ አዋረድሽኝ ብላት፣ ሕዝብ ይመልስ ተብሏል፣ መለስኩ፣ ብላ ዘጋችኝ።

አይተ ገብረዝጊ መንገዱን ተሻግረው የባሩ በር ላይ ቆሙ። አልገቡም። መጀመሪያ ፊቴን አዩ፣ ቀጥሎ ስኒውን አዩ። እኔም ከአፌ የወጣው ቃጭሉ አልተደወለም የሚል ብቻ ነበር።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ከአባ ጋር የተጣላሁት ለአንተ ካፑቺኖ ነው?» አሉኝ፤ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌዎቼ ተመላለሱ፤ የሚሰማቸው አላገኙም። አባ ሙሴ፣ ሦስት እሁድ ሙሉ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ካላስቀደስኩ ማስታወቂያው እንደማይነበብ ፈረዱ። አይተ ገብረዝጊ ደግሞ፣ ልጄን ልስጠው ልከልክለው የምወስነው አጠገቤ አስቀምጬ ካየሁት በኋላ ነው አሉ። ለተብርሃንን እወዳታለሁ፤ ይህን ስናገር ቀልድ የለበትም። እሷ ከቀረችብኝ አስመራ መኪና የማይቆምበት ፌርማታ ትሆንብኝ ነበር።

እሁድ በጠዋት ከአይተ ገብረዝጊ አጠገብ፣ ከአባ ሙሴ አፍንጫ ሥር ተቀመጥኩ። ስብከቱ ሲጀመር እግሬ በልማዱ ሊነሳ ነበር፤ ያዝኩት። አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ ቆርጬ ነበር የመጣሁት። በጎን አየት ባደርግ አይተ ገብረዝጊ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ምን ዓይነት ተመስጦ ነው አልኩ በልቤ፤ በራሴም አፈርኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከተመስጦው ውስጥ፣ በአፍንጫቸው በኩል፣ አንዲት ቀጭን ፉጨት መጣች። አገጫቸው ክራባታቸው ላይ አረፈ። ሰውዬው ለጥ ብለው ተኝተዋል።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ቃጭሉ እንደሚነሳ በተነገረበት ሳምንት ለምን እንዳልጮሁ ገባኝ፤ ለካ እሳቸውም አልሰሙም ነበር። ለዚያ ቃጭል ነፍሳቸውን ሊሰጡ የደረሱትም ለምን እንደሆነ ገባኝ። እኔን ከመንገድ ማዶ የሚመልሰኝ ቃጭል፣ እሳቸውን ከዚያ በጣም ከሚርቅ አገር ነበር የሚመልሳቸው። አባ ጀርባቸውን ሰጥተው በሚቀድሱበት ዘመን ደግሞ የሚያያቸው አልነበረም።

ቁርባኑ የሚባረክበት ጊዜ ደረሰ። ሕዝቡ በትግርኛ መልሶ ተንበረከከ። አይተ ገብረዝጊ ብቻቸውን እንደተቀመጡ ቀሩ። የአሮጌው ሥርዓት አለቃ ፊተኛው አግዳሚ ላይ እያንኮራፉ፣ አባ ሙሴ ደግሞ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ሊያነሱ ነው። ዝም ብልስ? አልዋሻችሁም፣ ለአንድ አፍታ ሐሳቡ ጣፈጠኝ። ከዚያ በክርኔ ጎናቸውን ጎሸም አደረግኳቸው። እንዴት ያሉ ሰው ናቸው! ሳይደናገጡ፣ ዓይናቸውንም ሳይገልጡ በጉልበታቸው ወረዱ፤ ግንባራቸውን በእጃቸው ደግፈው ከሁላችንም በላይ የጸለዩ መሰሉ። አባ ሙሴ አይተው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። የስብከቱን ነገር ካነሳችሁ፣ ስለ ምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ እሳቸውን ስጠብቅ አመለጠኝ።

ስንወጣ አይተ ገብረዝጊ ቀደሙኝ። ባርኔጣቸውን ደፍተው ደረጃውን ወረዱ፣ ግራ ቀኝ አዩና መንገዱን ተሻገሩ። እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ባሩ ውስጥ ገብተው ለሰይድ በጣታቸው ሁለት አሉት። ካፑቺኖው መጣ። ስኳራቸውን ረጅም ጊዜ ሲያማስሉ ቆዩና፣ እኔን ሳያዩኝ፣

«ሰርጉ መቼ ነው ያልከኝ?» አሉ።