የተቆጡ አሻንጉሊቶች፣ ክፍል ሁለት

«ተው» ሲሉት «ቀጥል» ብሎ የሚሰማ አንድ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። ለልብስ ሰፊዋ ይህ ዕጣ የደረሳት በታላቅ ወንድሟ በኩል ነው። ሰፈርተኛው «ክቡር ዳይሬክተር» ይለዋል፤ ማዕረጉ ግን ለክብሩ የተሰጠ አይደለም።

አምና አንድ አስፈሪ ፊልም ሠርቶ ነበር፤ ለበዓል ስጦታ የተገዙ አሻንጉሊቶች ነፍስ ዘርተው ቤተሰብ የሚፈጁበት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሴትዮ ከሳቋ ብዛት ሰው ደግፎ አወጣት። ሌላው ቢሆን ሰፈር ይለቅ ነበር። ክቡርነታቸው ግን በማግስቱ እህታቸው ቤት ከች አሉ።

«ክፍል ሁለት!»

«ጋሼ፣ ክፍል አንድን ማን ጠይቆህ?»

«ያልገባቸው ስላላለቀ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሳሎኗ ሳሎን መሆኑ ቀረ። ሶፋው መቃብር ሆነ፤ በቲማቲም ድልህ ምንጣፉ ደም ለበሰ። እሷም እያጉረመረመች፣ ጣቷን በመርፌ እየወጋች፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሥራ ሦስት አሻንጉሊት ሰፋች። ቢላ ይዞ መራመድ የነበረበት ድብ በተራመደ ቁጥር በአፍጢሙ ይደፋል። ስለዚህ እናታቸው አልጋ ሥር ተኝተው በክር እንዲጎትቱት ተደረገ።

«ልጄ፣ ይሄ ድብ ሞተ እንዴ?» አሉ፣ ቀረጻው መሀል።

«ፊልሙ ውስጥ ይግባ!» አለ ዳይሬክተሩ። «ከመቃብር የመጣ ድምፅ ነው!»

«ሰው ይስቅብሃል» አለችው እህቱ።

«ይሳቅ! የሳቀ አፍ ክፍት ነው። ለመጮኽ ምን ቀረው?»

የአዳራሹ ኃላፊ ግን ቁርጡን ነገረው፦ «እንደ አምናው ከሳቁ፣ ሁለተኛ እዚህ በር እንዳትደርስ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ፊልሙ ታየ። ድቡ ገና ብቅ ሲል አዳራሹ አውካካ። እህቱ ከኋላ ተቀምጣ አንገቷን ደፋች። ከፊቷ የተቀመጠው ፋርማሲስት፣ ሱሪውን እሷ ዘንድ የሚያሰፋው፣ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «እሱስ እብድ ነው፤ ቤተሰቡ አያፍርም?» አለ።

ብድግ አለች።

«አናፍርም!» ድምፅዋ ከፊልሙ ጩኸት በለጠ። «አንተ በዕድሜህ ምን ሠርተህ ሰው ሳቀብህ?»

ፋርማሲስቱ ፊቱን ወደ ፊልሙ መለሰ። ሌላው ግን እስከ መጨረሻው ሳቀ። ኃላፊውም ቃሉን አላጠፈም፤ መብራቱ እንደ በራ ለዳይሬክተሩ በሩን አሳየው።

ደጅ ላይ ወንድሟ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። እንዲህ አንገቱን ደፍቶ አይታው አታውቅም። «ነግሬህ ነበር» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«የሱቄ ግድግዳ ነጭ ነው» አለችው። «ክፍል ሦስትን እዚያ እናሳያለን። ድቡ መጀመሪያ የሚበላው ግን ፋርማሲስቱን ይሁን።»

ቀና አለ። «እሱ መቼ እሺ ብሎ ይቀረጽልናል?»

«ማን ለመነው? በጨርቅ እሰፋዋለሁ» አለች፣ ክንዱን ይዛ እየጎተተችው። «ልኩን እኔ ነኝ የማውቀው።»