ጋሽ ማዳ የላኩት በሽተኛ

እኛ አገር «እንዴት ነህ?» ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። ሰላምታ ነው። መልሱም ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ቤቱ የፈረሰበትም ሎተሪ የወጣለትም የሚመልሱት ይህንኑ ነው። የእኔ እንጀራ ደግሞ ሰውን «የእውነት ግን እንዴት ነህ?» ብሎ በመጠየቅ የሚገኝ ሆነ። የአእምሮ ጤና ለሚያጠኑ ምሁራን፣ ታብሌት ታቅፌ በየቤቱ እየዞርኩ መረጃ እሰበስባለሁ።

አምና ሽሮ ሜዳ፣ ጋሽ ማዳ ቤት ደረስኩ። ሸማኔ ናቸው፤ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ እንደከተቱ፣ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ተቀበሉኝ። እንቅልፍስ? እግዚአብሔር ይመስገን። የምግብ ፍላጎትስ? እግዚአብሔር ይመስገን። ጭንቀትስ? አሁንም ፈጣሪ ተመሰገነ። እየዞርኩ ወደ እንቅልፉ ብመለስም ያው ምስጋና ነው። ታብሌቱ ላይ ለምስጋና የተዘጋጀ ሳጥን የለም፤ ምን ላድርግ?

ድንገት መወርወሪያቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ የእንቅልፉን ስትጠይቀኝ እኮ ይሄ ሦስተኛህ ነው» አሉ። ትኩር ብለው አዩኝ። «ለመሆኑ አንተ ትተኛለህ?»

እግዚአብሔር ይመስገን ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። እናቴን ከቀበርኩ አራት ወሬ ነበር። ዓይኔን አፍጥጬ እያደርኩ፣ ቀን ቀን የሰው እንቅልፍ እመዘግባለሁ። ለማንም ያልተነፈስኩትን ለሳቸው ዘረገፍኩት።

ጋሽ ማዳ ምክር አላበዙም። ጋቢያቸውን ደረብ አድርገው «በል ተነስ» አሉኝ። ወንድማቸው ታሞ ከሰው በራቀ ጊዜ በየወሩ ይዘውት ይሄዱበት ወደነበረው ጤና ጣቢያ አብረን ወረድን። መንገድ ላይ፣ «እሱም ብቻውን ሂድ ቢሉት አይሄድም ነበር፤ አንተም አትሄድም» አሉኝ። የጤና ጣቢያውን አድራሻ ለስንቱ ሰጥቻለሁ፤ እኔ ግን በበሩ ገብቼ አላውቅም።

ነርሷ መዝገቡን ገልጣ ማን እንደላከኝ ስትጠይቅ፣ ጋሽ ማዳ እንደ ስፔሻሊስት ጉሮሯቸውን ጠርገው «እኔ ነኝ» አሉ። እሷም «ላኪ፦ ሸማኔ» ብላ ጻፈች።

ክትትል ጀመርኩ። ቀስ በቀስ እንቅልፌ ተመለሰ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ጋሽ ማዳ ዘንድ ጎራ ብዬ ስንጫወት እናመሻለን።

በቀደም የጥናቱ አስተባባሪ ፈገግታቸው ከፊታቸው ተርፎ ስብሰባ ጠሩን። የጤና ጣቢያውን ሪፖርት አንብበዋል። ምርምርና ማኅበረሰብ በመጨረሻ ተጨባበጡ! አንድ ሸማኔ አንድ በሽተኛ እጁን ይዞ ለሕክምና አድርሷል! በሉ ያንን በሽተኛ ፈልጉልኝና ታሪኩን እንጻፈው አሉ።

ኮስተር ብዬ ተነሳሁና፣ የታካሚ ማንነት በሚስጥር መያዝ እንዳለበት አስረዳሁ። ለሙያዬ ስላለኝ ታማኝነት ተጨበጨበልኝ።