የእግረኛው መንገድ ምረቃ

[መሀል ከተማ። አዲስ መንገድ ሊመረቅ ነው። መንገዱን የነደፈው ኢንጂነር ከረባቱን አሳምሮ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ደግሞ የሪባን መቀስ ይዞ፣ መኪና በሁለቱም በኩል በሚከንፍበት ጠባብ የመንገድ አካፋይ ላይ ቆመዋል። ማዶ ሪባን ተወጥሮ ሕዝብ ይጠብቃል።]

ኢንጂነር፦ መቀሱን ወደ ታች ያዝ አልኩህ! ፀጉሬን ልታስተካክለኝ ነው?

አማች፦ ወደ ታች ስይዘው እግርዎን ሊወጋ ነዋ፣ ጋሼ። ቦታው ጠበበን።

ኢንጂነር፦ ጠባብ አይደለም፤ ዘመናዊ ነው።

አማች፦ እሺ። በየት ነው የምንሻገረው?

ኢንጂነር፦ እህትህ እኮ ‘ይዘኸው ዙር፣ ትንሽ ይንቃ’ ብላኝ ነው ያመጣሁህ! መሻገሪያ የለውም፤ ዜብራ ከቀባህ መኪና ይቆማል። መኪና ከቆመ ከተማው ቆመ ማለት ነው።

አማች፦ የእግረኛ መንገድ ነው ሲሉ አልነበር?

ኢንጂነር፦ ነዋ! የዳሩን ስፋት አላየህም? እንደ ልብህ ትሄዳለህ።

አማች፦ ሄጄ ሄጄ ሱቁ ማዶ ቢሆንስ?

ኢንጂነር፦ ማዶ ያለ ሱቅ ማዶ ላለ ሰው ነው።

አማች፦ [ራሱን እያከከ] ይሄስ እውነት ነው። አረንጓዴ የተቀባውስ?

ኢንጂነር፦ የብስክሌት መንገድ።

አማች፦ መኪና ቆሞበታል እኮ።

ኢንጂነር፦ ብስክሌት እስኪመጣ ነው።

አማች፦ መኪና ቆሞበት በየት ይመጣል?

ኢንጂነር፦ ጥያቄ አታብዛ! እኔ አጥንቻለሁ። ወራት ሙሉ ስከታተል አንድም የሚሻገር ሰው አላየሁም።

አማች፦ የት ሆነው ነው ያጠኑት?

ኢንጂነር፦ መኪናዬ ውስጥ። ታዲያ ፀሐይ ይምታኝ?

[ከማዶ በድምፅ ማጉያ፦ ‘መንገዱን የነደፉት ኢንጂነር ሪባን እንዲቆርጡ!’]

ኢንጂነር፦ [ላብ እያጠመቀው] ወይ ጉዴ! አዲሱ አለቃ ገና ዛሬ ነው የሚያዩኝ። ሪባኑን ከቆረጥኩ የመንገዶች ኃላፊ አድርገው ይሾሙኛል።

አማች፦ እንሩጥ?

ኢንጂነር፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! በእኔ መንገድ ሰው ይንሸራሸራል እንጂ አይሮጥም።

አማች፦ እዚህስ እንዴት ደረስን?

ኢንጂነር፦ አለቃው ሲያልፉ ትራፊኩ መኪናውን አስቁሞ ነዋ! [እጁን እያወዛወዘ] ቁም! አንተ፣ ቁም! ኧረ አይቆሙም!

አማች፦ እንዳይቆሙ አድርገው ሠርተውት!

ኢንጂነር፦ አሽሙር ነው?

አማች፦ አድናቆት ነው፣ ጋሼ። ታክሲ ልጥራ? ታክሲ የት ነው የማይቆመው?

ኢንጂነር፦ እኔ በታክሲ? ኪሴ ውስጥ ያለው ንግግር ‘መኪናችንን ትተን በእግራችን እንሂድ’ ነው የሚለው። አንተ ሂድና መጣሁ ብሏል በላቸው።

አማች፦ ታክሲ! ማዶ! [ዘሎ ይገባል። በሩ ሳይዘጋ] ወራጅ አለ!

[ማዶ ሰዎች መቀሱን ሲያዩ አማቹን ከበው ይወስዱታል። ሪባን ይቆረጣል። ጭብጨባ።]

ኢንጂነር፦ [እየጮኸ] አንተ! ምን እያደረግህ ነው?

አማች፦ [በድምፅ ማጉያ] ጋሼ፣ መቀሱን አይተው ‘ኢንጂነሩ መጡ’ ብለው አስቆረጡኝ! አይደለሁም ብላቸው ‘አቤት ትሕትና!’ ብለው ሾሙኝ!

ኢንጂነር፦ ኧረ ንገራቸው! እዚህ ነኝ በላቸው!

አማች፦ ነገርኳቸው! ‘መሀል መንገድ ላይ መሻገር ያቃተው ሰው አለ’ አልኳቸው።

ኢንጂነር፦ እሺ፣ ምን አሉ?

አማች፦ ጥናትዎን ገልጠው አዩና ‘የለም’ አሉኝ!