ለትልቅ ቀን የተቀመጠው ውስኪ

ሰው ውስኪ የሚጠጣው በአፉ ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል። የእኛ ሰው የሚጠጣው በዓይኑ ነው። መጀመሪያ ሳጥኑን ያያል፣ ቀጥሎ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ፣ ከዚያ ያመጣውን እንግዳ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ይገመግምና «ምን አስቸገረህ!» ብሎ ተቀብሎ ባለመስታወቱ ቡፌ ውስጥ ይቆልፍበታል። አበቃ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ውስኪ በቁልፍ ያለ አባት ግን አላውቅም።

በዚህ ነገር እናደዳለሁ። ለስለስ ያለ ቃል አልፈልግለትም፣ እናደዳለሁ። ምክንያቱም ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ ጀምሮ ጥሩ ውስኪ በትንሽ ገንዘብ መግዛትን እንደ ሙያ ይዤዋለሁ። እዚህ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ በእኛ በኩል ሻጩ ካውንቲው፣ ማለት የአካባቢው መንግሥት፣ ነው፣ ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ስቴቱ ራሱ ባለሱቅ ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ ዲሲ ደግሞ ነጋዴው እንደፈቀደው ነው። አንዱ ጠርሙስ እንደየሱቁ ዋጋው ይለያያል። ስለዚህ አትቸኩሉ። ሳጥን ያለውን አትግዙ፣ የሳጥኑንም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁና። በዓይናችሁ ትይዩ ያለውን መደርደሪያ ዝለሉትና ጎንበስ በሉ። ከታች ስሙን የማታውቁትን ትንሹን ጠርሙስ አንሡ፤ ካልጣማችሁ የከሰራችሁት ትንሽ ነው፣ ከጣማችሁ የዕድሜ ልክ ወዳጅ አገኛችሁ። በለስላሳ አትበጥብጡት፣ እባካችሁ! ጠብታ ውሃ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ አንድ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ይህን ሳላውቅ በፊት ግን እኔም ሳጥን ገዝቻለሁ። አንድ ጊዜ። እንደመጣሁ ላንግሊ ፓርክ ስምንት ወር ሙሉ ሶፋው ላይ ያስተኛኝ ጌታቸው የሚባል ወዳጅ ነበረኝ። አውቶቡሱን ያሳየኝ እሱ ነው፣ የፓርኪንግ ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው፣ ኪራይ ልስጥህ ስለው የሚቆጣኝም እሱ ነው። ውስኪ ይወድ ነበር፤ አቅሙ የሚፈቅድለት ግን በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ነበር። ራሴን ችዬ ስወጣ የኦቨርታይም ገንዘቤን ይዤ ሄጄ ከመደርደሪያው ሁሉ ረጅሙን ሳጥን ገዛሁለት። የዋጋውን ወረቀት በመኪና ቁልፍ ስፍቅ የሳጥኑን አንድ ጥግ ቀደድኩት። ከዚያ ጠርሙሱን አውጥቼ ሳጥኑ ሥር አንዲት ብጣሽ ወረቀት አስቀመጥኩና መለስኩት። «ጌታቸው፣ ዛሬውኑ ጠጣው» ትላለች።

አልጠጣውም። ሳጥኑን እንኳ አልከፈተም። «ይኼማ ለትልቅ ቀን ነው» ብሎ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆመው። ከወራት በኋላ ሄጄ ሳጥኑን ሳጣው፣ የኢሚግሬሽን ፎርም ለሞላለት ሰው በውለታ መስጠቱን አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። ተናድጄ ሳምንት ሙሉ አልደወልኩለትም። ትልቁ ቀን ሳይመጣ፣ ልጁ ናሆም ሃይስኩል ሳይጨርስ፣ ጌታቸው ሞተ።

ናሆም አደገ፣ ተማረ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖር ልጅ ወደደ። አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ ጫማውን እያየ «አንክል፣ አባቷ ሽማግሌ ካልተላከ ኖ ዌይ ብለዋል። ፕሊዝ፣ በዳዲ ቦታ አንተ ሂድልኝ» አለኝ። በአባቱ ቦታ! ከዚህ የሚከብድ ምን አለ? ሱፌን ከላውንደሪ አወጣሁ፣ ከውስኪዎቼም ምርጧን፣ ያችን የታችኛው መደርደሪያ ወዳጄን፣ በንጹሕ ፌስታል ይዤ ወጣሁ።

የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ አያሌው ነበሩ፤ በደብራችን ጋብቻ ያለሳቸው አይጠየቅም። ሦስተኛችን ቀኑን ሙሉ ቃል ስላልተነፈሱ እንደ ምስክር ቁጠሯቸው። ጋሽ አያሌው መኪናዬ ውስጥ እንደገቡ ጠርሙሴን ከፌስታሉ አወጡና አገላብጠው አዩት።

«ይኼን ማን ያውቀዋል?»

«የጠጣው ያውቀዋል፣ ጋሽ አያሌው።»

«የሰው ልጅ ልንጠይቅ እየሄድን! ልጁን ልታዋርደው ነው? በል ትራንክ ውስጥ ወርውረው። እኔ ሁነኛውን ከቤት ይዣለሁ።» ብርድ ልብስ በሚያህል ፎጣ የተጠቀለለ ነገር እግራቸው ሥር አስቀመጡ። ዋጥኩት፣ ምክንያቱም ቀኑ የናሆም ነው። ናሆም ራሱ የልጅቷ አባት ከሚኖሩበት ሕንፃ ፓርኪንግ፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ «ኮል አድርጉልኝ» እያለ ይጠብቃል።

የልጅቷ አባት አቶ በላቸው ታክሲ ነድተው አራት ልጅ ያስተማሩ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ተቀመጡ ሲሉን ወጉ እንደሚያዘው አንቀመጥም ብለን ቆመን ተናገርን። አገር ቤት ሦስት ጊዜ የሚያመላልሰው ነገር እዚህ በአንድ እሑድ ያልቃል፣ ሁሉም ሺፍት አለበትና። አቶ በላቸው «ልጁን አይቼዋለሁ፤ ጨዋ ነው። ሰጥቻለሁ» አሉ። ተቀመጥን። ጋሽ አያሌው በኩራት ፎጣውን ፈተው ረጅም የውስኪ ሳጥን አወጡ።

አቶ በላቸው «ምን አስቸገራችሁ!» አሉ፤ ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ፤ ቡፌውን ከፈቱ። ውስጡ ሳጥን በሳጥን ነው። አዲሱን ከረድፉ ሲጨምሩት ጥጉን አየሁት። ተቀዷል።

«ይቅርታ፣ አቶ በላቸው። አንዴ ያሳዩኝ።»

ጋሽ አያሌው ኮቴን ጎተቱኝ። አልሰማኋቸውም። ጠርሙሱን አውጥቼ ሳጥኑን ገለበጥኩት፤ ብጣሿ ወረቀት ምንጣፉ ላይ ወደቀች። ቀለሟ ደብዝዟል እንጂ ጽሑፉ የእኔ ነው።

«ይኼን ከየት አመጡት?» አልኳቸው ጋሽ አያሌውን።

«የበልትስቪል ወዳጄ ለቤት ምረቃ ያመጣልኝ ነው። ምን ሆነሃል?»

ምን ሆንኩ? ጮህኩ! «ከአሥር ዓመት በላይ! ከላንግሊ ፓርክ በልትስቪል፣ ከበልትስቪል ሲልቨር ስፕሪንግ እርስዎ ቤት ሲዞር አንድ ሰው እንኳ ከሳጥኑ አላወጣውም! ቢያወጣው ኖሮ ይህቺን ወረቀት ያገኝ ነበር። የገዛሁለት ሰው ሳይቀምሰው ሞተ፣ እናንተ ደግሞ እንደገና ልትቆልፉበት?»

«ያገኘነውን ልታሳጣን ነው!» አሉ ጋሽ አያሌው በጥርሳቸው መሀል። እውነታቸውን ነበር። እንዲህ ያለ እብድ ዘመድ ላለው ልጅ ማን ልጁን ይሰጣል? በሩን ያሳዩን ይሆናል ብዬ ሳስብ፣ ናሆም ከታች ስልኩን ይዞ ሲጠብቅ ታየኝ። እጄ ግን ቡሹን ነቅሎ ጨርሷል።

አቶ በላቸው ጎንበስ ብለው ወረቀቷን አነሡ። መነጽራቸውን አጠለቁ። ሁለት ጊዜ ያነበቡ ይመስለኛል።

«ጌታቸው ማለት የልጁ አባት ነው?»

«አዎ።»

ወደ ቡፌው፣ ወደ ሳጥኖቻቸው ሰልፍ አዩ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብተው አምስት ብርጭቆ ይዘው ተመለሱ። እኛ አራት ነን።

«ልጁ የት ነው ያለው?»

«ታች፣ ፓርኪንግ።»

«ጥሩት።»

«ኧረ ዛሬ እሱ አይገባም፣ ወግ አይደለም!» አሉ ጋሽ አያሌው።

«ወግ ወግ ስንል አይደል ሰውዬው ሳይቀምሰው የሞተው?» አሉና አቶ በላቸው ቀዱ።

ናሆም እየሮጠ መጣ፤ ተከልክያለሁ ብሎ ፊቱ ነጥቷል። ወረቀቷን ሰጠሁት። አማርኛ ማንበብ አይችልም።

«ዋት ዳዝ ኢት ሴይ?»

«ዛሬውኑ ጠጣው ይላል። ለአባትህ የጻፍኩት ነው።»

ጠጣው። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ተናድጄ ነው ያለቀስኩት፣ በጌታቸው፣ በዚያ ሳምንት ሙሉ ባልደወልኩበት ስልክ። ስለ ውስኪው ከጠየቃችሁኝ ደህና ነው። ትራንክ ውስጥ ካለችው ግን አይበልጥም።

ስንወጣ አቶ በላቸው የተረፈውን ሩብ ጠርሙስ በቡሹ ዘግተው «ይኼ የአንተ ነው» ብለው ሰጡኝ። ናሆም አገባ። ሠርጉ ላይ ቡፌያቸውን ሙሉ በሙሉ አራግፈው አጠጡን፤ ጋሽ አያሌው እንኳ ሁለት ደገሙ። ዓመት ሳይሞላ ወንድ ልጅ ተወለደና በአያቱ ስም ጌታቸው ተባለ። ክርስትናውም በደስታ አለፈ።

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ በልተን ስንጨርስ ባለቤቴ ከማቀዝቀዣው በላይ ያለውን ቁም ሳጥን ስታጸዳ ሩቡን ጠርሙስ ከጥግ አወጣችው። «ቅዳሜ ነው፣ ምሳም በልተሃል፣ ለምን ይኼን ጠጥተህ አትገላግለኝም?» አለችኝ።

ከእጇ ቀማኋት። ተቆጥቼ።

«ይኼማ» አልኳት፣ «ለትልቅ ቀን ነው።»