የጋሼ ኃይሉ መጋዘን ያስለቀሰኝ ዕለት

ሰው በልጅነቱ የቦረቀበትን ቦታ ሲያይ ትንሽ እንደሚሞኝ ታዝባችሁ ታውቃላችሁ? የተሰነጠቀው ግድግዳ ውብ ሆኖ ይታየዋል፤ የዛገው ቆርቆሮ ቅርስ ይመስለዋል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። «የማታውቁትን ነገር አታሽትቱ!» እያልኩ ጠረጴዛ ስደበድብ ኖሬያለሁ። ታዲያ ክረምቱ ሊገባ ሲል እዚሁ አዳማ አንድ መጋዘን ገብቼ፣ የማላውቀውን ነገር በረጅሙ ማግሁት። ለምን? ናፍቆኝ ነዋ!

መጋዘኑ የጋሼ ኃይሉ ነው። ጋሼ ኃይሉ የአባቴ ወዳጅ፣ የሰፈራችን የጥጥ ነጋዴ ነበሩ። ያኔ፣ ከተማችን ናዝሬት ስትባል፣ ከአዋሽ እርሻዎች የሚመጣው ጥጥ እዚያ ይራገፋል። እኛ ልጆቹ ከክምሩ ጫፍ እየዘለልን እንሰምጥበታለን። ወደየቤታችን ስንበተን ፀጉራችን ነጭ በነጭ ስለሚሆን፣ ላየን ሰው የሽማግሌዎች ስብሰባ ያበቃ ይመስለዋል። በሩ ላይ ጋሪዎች ይሰለፋሉ፤ ከወዲያ ባቡሩ ይጮኻል። እንዲያ ያለ ከሰዓት ዛሬ ከየት ይገኛል?

የጥጡ ንግድ ከቀረ ወዲህ ጋሼ ኃይሉ በዚያው ግቢ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለቤታቸው አርፈዋል፤ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው። መጋዘኑን ለአንድ ነጋዴ አከራይተው በኪራዩ ይተዳደራሉ። ልጠይቃቸው የሄድኩ ዕለት፣ «ነይ፣ የዘለልሽበትን ላሳይሽ» ብለው በሩን ከፈቱልኝ።

ገና ከመግባቴ ዓይኔ በእንባ ሞላ። ዞር ስል ጋሼ ኃይሉም በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «አየሽ ልጄ፣ እኔንም በገባሁ ቁጥር እንዲህ ያደርገኛል፤ ትዝታ ክፉ ነው» አሉኝ። ጎን ለጎን ቆመን አለቀስን። እንዴት ያለ ደስ የሚል ለቅሶ መሰላችሁ! ቀጥሎ ግን ሳል መጣ። ትዝታ ያስለቅሳል እንጂ ጉሮሮ ይከረክራል እንዴ?

እንባዬን ጠርጌ ዙሪያዬን አየሁ። በአንድ በኩል ለላንጋኖ ሆቴሎች መዋኛ ገንዳ የሚሄድ የክሎሪን ዱቄት በበርሜል ተደርድሯል፤ የአንዱ ክዳን ተከፍቷል። በርሜሎቹን ተደግፈው የአሲድ ጀሪካኖች ቆመዋል። ከላይ ያለው ጣሪያ ተበሳስቶ ሰማይ ያሳያል፤ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ዱቄቱ በዝናብ ረጥቦ ከአሲዱ ጋር ከተገናኘ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ከአጥሩ ማዶ የሕፃናት መዋያ አለ።

ጋሼን ጎትቼ አወጣኋቸውና፣ «እዚህ ያለውን ዕቃ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ያውቁታል?» አልኳቸው።

«ለምን ያውቁታል? የነሱ ነው እንዴ?»

እሳት ቢነሳ ሠራተኞቹ ምን እንደሚጠብቃቸው ሳያውቁ ገብተው እንደሚወድቁ፣ ስለዚህ አስቀድሞ ማሳወቅ ግድ እንደሆነ አስረዳሁ። ተከራዩ ጨዋ መሆኑን፣ ዕቃውም ድምፅ እንደሌለው ነገሩኝ። ተከራዩ ጋ ደወልኩ፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ እያስወጣ ስለሆነ ሲመለስ እንደምንነጋገር በትህትና ገልጾ ዘጋው። ለሠራተኞቹ ላሳውቅ ልሄድ ስል ጋሼ ኃይሉ ፊታቸው ጠቆረ። «በእንጀራዬ መጣሽ? አባትሽ ቢኖር ይህን አታደርጊብኝም ነበር» አሉ። ይኼኛው እንባ የክሎሪን አልነበረም።

ቢሆንም ሄድኩ። የአደጋ ጊዜ ሠራተኞቹ ግቢ በር ላይ ያገኘሁት ጥበቃ እሳቱ የት እንደተነሳ ጠየቀኝ። አልተነሳም አልኩት። «ታዲያ ምን እናጥፋልሽ?» አለኝ። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው! ደግነቱ የተረኞቹ ኃላፊ ወይዘሮ ጫልቱ ጭቅጭቃችንን ሰምታ ወጣች። «አካም ጅርቱ» ብላኝ እጇን ዘረጋች። ክሎሪን ስል ራሷን ነቀነቀች፤ አሲድ ስል መኪናው ላይ ነበረች።

ሕፃናቱን አስወጡ፤ ጭንብል አጥልቀው ገብተው አሲዱን ከክሎሪኑ ለዩ፤ የተከፈተውን ገጥመው ሁሉንም አውጥተው ጫኑት። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ጋሼ ኃይሉ የጎረቤት በረንዳ ላይ ቆመው፣ ውሃው በጣሪያቸው ቀዳዳ አልፎ በርሜሎቹ የነበሩበት ወለል ላይ ሲንዠቀዠቅ በተከፈተው በር አዩት። ተከራዩም ከሞጆ ተመልሶ ለዕቃው የሚሆን ቦታ ፈለገ፤ ምን እንደሚያከማችም በወጉ አሳወቀ። መጋዘኑን አሁን የመቂ ቲማቲም ሣጥን የሚያከራይ ሰው ይዞታል።

ትንሽ ሰንብቼ ብርቱካን ይዤ ለዕርቅ ሄድኩ። ጋሼ ኃይሉ ስቀው ተቀበሉኝ። እንዳልተቀየሙኝ፣ እኔ እሳቸውን ለሚመለከተው አካል እንዳመለከትኩ ሁሉ እሳቸውም እኔን ለሚመለከተው አካል እንዳመለከቱ ነገሩኝ።

የሚመለከተው አካል ማን መሰላችሁ? እናቴ! ቢሾፍቱ እህቴ ጋ ነው የምትኖረው። ስልኬ ሲጮኽ ሰላምታ እንኳ የለም፤ «በአባትሽ ወዳጅ ላይ ሳይረን የሚጮኽ መኪና ላክሽ?» ክሎሪን ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ከነቀመሩ አብራራሁላት። በጥሞና አዳመጠችኝና፣ «እና ሆነ?» አለች።

«አልሆነም፤ ደረስንበት።»

«ታዲያ!»

ወይዘሮ ጫልቱ ጉዳዩን በአንድ ከሰዓት ዘግታዋለች። እናቴ ዘንድ ግን ፋይሉ እስካሁን ክፍት ነው።