ሾፌር ይፈለጋል፤ ቡሬ ላይ ይለጠፍ

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ሚኒባስ ገዛና የሾፌር መቅጠሪያ ማስታወቂያ ጻፍልኝ አለኝ። ለምን እኔን? ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ ነኛ! ሰው መቼም የድሮ ጸሐፊ ሲያይ ሥራ ፈትቶ የሚጠብቀው ይመስለዋል። እሺ ብዬ ወረቀት አወጣሁ። «ሾፌር ይፈለጋል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ብዕሬ እምቢ አለ። እናንተዬ፣ እነዚህን ሁለት ቃላት ስጽፍ እኔ እዚህ ፍኖተ ሰላም ቁጭ ብዬ ልቤ በስድሳዎቹ የነበረውን ቡሬ ዞሮ መጣ።

ላጫውታችሁ። ያን ጊዜ እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጽሕፈት መኪና የምመታ ጎረምሳ ነበርኩ። በከተማው የጽሕፈት መኪና እንደ ልብ ስላልነበረ የሚያስጽፈው ያለው ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። አንድ ቀን እትዬ የሺ መጡ። እሳቸውን የማያውቅ አልነበረም፤ ባላቸው ሲሞቱ አንድ የጭነት መኪና ትተውላቸው፣ በርበሬ እያስጫኑ አዲስ አበባ የሚልኩ፣ ሲስቁ ገበያው ድረስ የሚሰሙ ሴት ናቸው። ያን ቀን ግን አልሳቁም። ሾፌር ቀጥሬ መኪናዬን ላስነሣ፣ ማስታወቂያ ምታልኝ አሉኝ።

መኪናዋ ከቆመች ወራት አልፏታል። ምክንያቱን ከተማው በሙሉ ያውቃል። ሾፌሩ ጋሽ ዳምጤ ነበሩ፤ ሚስት የሌላቸው፣ ከሰው ይልቅ ከሞተር ጋር የሚያወሩ ዝምተኛ ሰው። ጋሽ ዳምጤ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ከተማው መግቢያ ላይ ክላክሱን ረዘም አድርገው ያሰሙታል። እትዬ የሺ ያን ጊዜ የያዙትን ጥለው በር ላይ ይወጣሉ። በርበሬ እየቀነጠሱም ቢሆን፣ ጸጉራቸውን እየተሠሩም ቢሆን፣ ይወጣሉ። ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለም። ግን የከተማ ሰው መቼ ዝም ብሎ ያያል? ይኼ ክላክስ የሚነፋው ለማን ነው ይባል ጀመር። እትዬ የሺ ይህን የሰሙ ቀን ተናደዱና፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ከዛሬ ጀምሮ ደጄ ላይ ጥሩምባ እንዳልሰማ አሏቸው። ጋሽ ዳምጤ የመኪናዋን ቁልፍ በሩ ላይ ሰቀሉና ቡሬ፣ እህታቸው ቤት ገቡ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቀረች፤ ዶሮዎች ጋቢናዋ ውስጥ እንቁላል ይጥሉ ጀመር።

እኔ እንግዲህ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ዕድሜው ከሠላሳ ያልበለጠ ብዬ ስመታ፣ ኧረ ከአርባ ያላነሰ በል አሉኝ። መጠጥ የማይቀምስ ስል፣ ለበዓል ለበዓል ቢቀምስ ምን አለበት አሉ። ከሰው ተግባቢ የሆነ ስል፣ የለም፣ ዝምተኛ በል። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ቢሆን ይመረጣል ሲሉኝ ጣቴን አነሣሁ። እትዬ፣ ይኼ እኮ የጠፋ ሰው ማፈላለጊያ ሆነ አልኳቸው። ዝም ብለህ ምታ አሉኝ። የት ልለጥፈው? ቡሬ። ሾፌር የሚፈለገው ፍኖተ ሰላም፣ ማስታወቂያው ቡሬ? ሾፌር ከሆነ በመኪና ይመጣል፣ አንተን ምን አስጨነቀህ አሉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ለምን ሰው አልላኩባቸውም ትሉኝ ይሆናል። ባል የሌላት ሴት ናልኝ ብላ ወንድ ልታስጠራ? በኛ አገር? አይሞከርም! ማስታወቂያ ግን የመንግሥት ነገር ይመስላል፤ ማን ምን ይላል?

ቅዳሜ የዱቄት ሙጫዬን በጣሳ ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ቡሬ፣ ገበያው ዳር ባለው የወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ስለጥፍ፣ ጋሽ ዳምጤ ከፊት ለፊት ሻይ ቤት ተቀምጠዋል። ተነሥተው መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ጠባሳው ጋ ሲደርሱ ቅንድባቸውን ዳበስ አደረጉ። ከዚያ፣ መልእክቱን ሰምተናል በልልኝ አሉኝ። ታዲያ ይመጣሉ? ብላቸው እንደ ሕፃን አዩኝ። ሽማግሌ በመጣበት ቀን እሺ ሲባል የት አይተሃል አሉኝ።

ጉድ በሉ! ጢም ያላወጣሁት፣ የሙጫ ጣሳ የያዝኩት እኔ ሽማግሌ ሆኜ አረፍኩት! መቼም ወጋችንን ታውቃላችሁ። ተቀይሞ የሄደ ሰው በሽማግሌ ነው የሚመለስ። ሽማግሌም መጀመሪያ ሲሄድ ደግማችሁ ኑ ይባላል፤ ሁለተኛም ይባላል፤ በሦስተኛው ነው ነገሩ የሚበርድ። ቶሎ እሺ ያለ ሰው ይናቃል። ጋሽ ዳምጤ የሥራ ማስታወቂያውን እንደ መጀመሪያው ሽማግሌ ቆጠሩት።

እትዬ የሺ ይህን ስነግራቸው ጦፉ። ማስታወቂያ ነው እንጂ ሽማግሌ ነው እንዴ! ሌላ ሾፌር ሞልቷል! አሉ። እውነትም መጡ፤ አንዱ ከደንበጫ፣ አንዱ ከዱርቤቴ ድረስ። እትዬ የሺ መንጃ ፈቃዳቸውን እንኳ አላዩም። መኪናዋ ተገፍታ ትነሣለች፤ ሾፌሩ እስከ ከተማው መግቢያ ይሄድና ክላክስ አድርጎ ይመለሳል፤ እሳቸው ጓዳ ሆነው ያዳምጣሉ። አይ፣ ይኼ ከብት የሚያባርር ነው የሚመስል። አይ፣ ይኼ ደግሞ ተጣደፈ። የዱርቤቴው ሰውዬ፣ እኔ የመጣሁት በርበሬ ልጭን ነው ወይስ መለከት ልነፋ? ብሎ ተሳድቦ ሄደ።

እትዬ የሺ ብዙ አልቆዩም፤ ደግመህ ጻፍ አሉኝ። በሁለተኛው ማስታወቂያ፣ የቀድሞ ሥራውን ተቀይሞ የለቀቀ ቢሆንም ቅያሜው አይነሣበትም፣ ክላክስ ማሰማትም ይፈቀዳል የሚል አስጨመሩ። ይህን ሲያስመቱኝ ድምፃቸው ሰለለ። ሰውዬው ናፍቀዋቸው ነበራ! ከቡሬ የመጣ ሁሉ ሲያጋጥማቸው፣ አገሩ እንዴት ነው፣ ሰዉስ ደኅና ነው ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሰዉ ማለት ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ጋሽ ዳምጤ ሁለተኛውንም አነበቡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ደግመህ ና አሉኝ። ግን በእህታቸው አጥር ላይ የሾፌርነት ካኪ ኮታቸው ታጥቦ ተሰጥቶ አየሁ። ለዚህ ነው ያልተከራከርኳቸው።

በሦስተኛው እትዬ የሺ ዕድሜም ጠባሳም አላስጻፉኝም። ሾፌር ይፈለጋል፣ ይምጣ። በቃ። እትዬ፣ ማስታወቂያ እኮ አድራሻ ይፈልጋል ብላቸው፣ ያውቀዋል አሉ። ቡሬ ስደርስ ጋሽ ዳምጤ ኮታቸውን ለብሰው አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ቆመዋል። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በል እንሂድ አሉኝ። መንገዱን ሙሉ የአውቶቡሱን ሾፌር ማርሽ ቀንስ፣ ጉድጓዱን ሽሽ እያሉ አሳሩን አበሉት። ፍኖተ ሰላም መግቢያ ስንደርስ ክላክስ አድርግ አሉት። ለምን? ሲላቸው ከኋላው ተንጠራርተው ራሳቸው ተጫኑት። ረዘም አድርገው። ከሩቅ አንዲት ሴት ሰፌዷን እንደያዘች በር ላይ ስትወጣ አየሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በበርበሬው አላመካኝም።

ማስታወቂያ ማለት እንዲህ ነው ልትሉ ነው? አትቸኩሉ። ሁለቱ በጥር ወር ሰማንያ ተፈራርመው ተጋቡ። ታዲያ ባል ሆነው እንዴት በሚስታቸው ደመወዝ ይነዳሉ? ሚስቱ ቀጠረችው ሊባሉ? ጋሽ ዳምጤ አይሆንም አሉ። ሳሎን ወንበር ላይ ተቀመጡና ሌላ ሾፌር አስቀጠሩ። ለሾፌሩም መጀመሪያ የሰጡት ትእዛዝ፣ በዚህ ደጃፍ ክላክስ እንዳታሰማ የሚል ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ እትዬ የሺ መሥሪያ ቤቴ መጡ። ማስታወቂያ ምታልኝ። የምን? የሾፌር። ሾፌር የለዎትም እንዴ? አለ እንጂ። ጋሽ ዳምጤ ታመሙ? ኧረ ደኅና ናቸው፣ ቤት ናቸው። ታዲያ ምን ጎደለ? አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሁሉም ቤት ነው። ማታ ማታ የሚመጣልኝ ሰው አጣሁ» አሉኝ።

የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ከነጠባሳው ደግሜ መታሁላቸው። ቡሬ አላስለጠፉትም፤ ሳሎን ውስጥ፣ ከባላቸው ወንበር ፊት ለፊት ለጠፉት። ጋሽ ዳምጤ አንድ ቀን አነበቡት፣ ተመልሰው ተቀመጡ። በማግሥቱም አነበቡት፣ ተመልሰው ተቀመጡ። በሦስተኛው ጠዋት ወንበሩም ባዶ፣ ግቢውም ባዶ፤ ቅጥሩ ሾፌር በር ላይ ቆሞ ተባርሬ ነው ወይ እያለ ያለፈውን ያገደመውን ይጠይቃል። መኪናዋ በርበሬዋን አዲስ አበባ አራግፋ፣ የተምጫን ወንዝ ተሻግራ ስትመለስ ክላክሱን ሥራ ላይ ሆኜ ሰማሁት። እትዬ የሺ በር ላይ ሲወጡ ለማየት መሥሪያ ቤቱን ጥዬ ወጣሁ።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። እኔ ግን እስካሁን፣ አመሻሽ ላይ ከመግቢያው በኩል ክላክስ ስሰማ ብድግ እላለሁ። ይናፍቀኛል፣ በቃ።

ለእህቴ ልጅ ታዲያ «ሾፌር ይፈለጋል፤ ሲመለስ ከተማው መግቢያ ላይ ክላክስ የሚያሰማ» ብዬ ሰጠሁት። አነበበና ሳቀ፤ ሰረዘውም። ጋሼ፣ መኪናው ላይ ጂፒኤስ አስገጥሜያለሁ፣ የት እንደደረሰ በስልኬ አየዋለሁ፣ ደግሞ ለምን ይጮህብኛል አለኝ። ለመሄድ ከተነሣ በኋላ በሩ ላይ ቆም አለና፣ ቆይ ጋሼ፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ሚስቴ ማታ ስገባ ቀና ብላ እንኳ አታየኝም፣ ምን አድርጌያት ይሆን? ብሎ ጠየቀኝ።

በስልኳ አይታህ ይሆናላ አልኩት።