የአስተማሪዋ አስተማሪ

ትምህርት ቤት በተዘጋበት በዚያ የኮሮና ሰሞን፣ ራሱን በገዛ ቤቱ መምህር አድርጎ የሾመውን ወላጅ ያውቁታል? እኔ አንዱ ነበርኩ። ጅጅጋ ውስጥ በቢሮ ጸሐፊነት የምሠራው ሰውዬ፣ ማስመሪያ ይዤ በስድስት ዓመት ልጄ በሊና ፊት ቆምኩ።

«ሀ በይ።»

«አባዬ፣ ሆዴን አሞኛል።»

ሀ የሚያሳምመውን ሆድ የትኛው ሐኪም ያክመዋል? ሰሌዳ ሳወጣ አልጋ ሥር ትገባለች። በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆረጥኩ።

አንድ ቀን ከጓሮ የእኔን ቁጣ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ፣ ሊና ጎረቤታችንን፣ ወተት ሻጯን ፋዱማን በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ፊደል እየጻፈች ታስተምራለች። ለካ አልጋ ሥር ሆና ሰሌዳውን ስትመለከት ኖሯል።

«ኤዶ፣ ሆድሽን ቢያምሽም ትጽፊያለሽ» አለቻት፤ በሶማልኛ አክስቴ ማለቷ ነው።

ዕድሜዋን ሙሉ በአሻራ ስትፈርም የኖረችው ፋዱማ ከሰሉን ተቀብላ ስሟን ጻፈች። ደጋግማ አየችው።

«ከእንግዲህ ቀበሌ ሄጄ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ አልነክርም» አለችኝ፣ ዓይኗን በሻሿ እየጠረገች። «አስተማሪዬ ይህቺ ናት።»

ግድግዳው ባለፈው ወር የተቀባ ነበር። መቆጣት አልነበረብኝም? እኔ ግን መንገድ ወጥቼ ያገኘሁትን ሁሉ እያስቆምኩ፣ «የአስተማሪዋ አስተማሪ እኔ ነኝ» ስል ዋልኩ።